በጸሎት ርዕስ የከሰስኩት መምህር

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሟቹ ባለቤቴ አልነገርኩም፣ ለልጄ አልነገርኩም። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ የንስሐ አባት የለንም፤ ኃጢአታችንን በቀጥታ ለጌታ እንናገራለን። መልካም ነው። ግን እንደ እኔ ላለች ብልጥ ያመቻል። ለጌታ በሹክሹክታ እነግርና ፊቴን ታጥቤ ወደ ሰው እወጣለሁ። ስለዚህ ዛሬ እናንተ የምታነቡኝ ተቀመጡልኝ፤ እስክጨርስ ድረስም «አይዞሽ» አትበሉኝ።

ጭሮ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። አባቴ ከሆሳዕና መጥቶ የከፈተው ሱቅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት አስተማሪ ሆኜ ብዙ ዘመን አገልግያለሁ። የፍጥረትን ታሪክ ሳስተምር ከሱቄ ቁርጥራጭ ጨርቅ ፀሐይና ጨረቃ፣ ዓሣና ወፍ እየቆረጥኩ መጋረጃ ላይ በመርፌ እሰካለሁ። በመጀመሪያው ቀን ብርሃን፣ በአራተኛው ቀን ፀሐይ። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል።

በዚያ ዘመን ዳዊት የሚባል ወጣት የባዮሎጂ መምህር ወደ ከተማችን ተመድቦ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስ ያስጠና ነበር። አንድ ቅዳሜ እኔ በቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ የመዘምራን ልብስ ጠርዝ እሰፋለሁ። ልጄ ሜሮን ከውስጥ ስትጠይቅ ሰማኋት። ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ከሆነ ከዚያ በፊት ማታና ጠዋት በምን ታወቀ? አለችው።

እጄ ቆመ። ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አባቴን ጠይቄው ነበር። «የእግዚአብሔር ቃል አይመረመርም» ብሎ ነበር ያባረረኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ዋጥኩት እንጂ አልተወኝም።

ዳዊት፣ «እውነቱን ልንገርሽ? ቀኖቹ ስንት ሰዓት እንደነበሩ አላውቅም። እኔ ሳነበው ምዕራፉ ማን እንደፈጠረን ሊነግረን የተጻፈ ይመስለኛል፤ በሰዓት ስንት እንደፈጀ ሊነግረን አይመስለኝም። እንደተጻፈው ስድስት ቀን ነው ብሎ የሚያምንም ወንድሜ ነው፤ አልጣላውም» አላት።

ያለው ይኸው ነው። በደንብ ሰምቼዋለሁ። ደግሞም፣ ልንገራችሁ፣ ደረቴ ቀለል አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዋጥኩትን ጥያቄ ሌላ ሰው አውጥቶ ሲያየው አልፈራም። እግዚአብሔርም አልተቆጣም።

ታዲያ ምን ነካኝ? ስለ ቃሉ ክብር ቀንቼ ነው? አይደለም። ልጄ እኔን ትታ እሱን ጠየቀች። ያንን ሁሉ ዓመት ጨርቅ እየቆረጥኩ ያስተማርኳት እኔ፣ ጥያቄዋን ግን ለእሱ ሰጠች። የቀናሁት በዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

በእኛ ዘንድ «የጸሎት ርዕስ» የሚባል ነገር አለ። የታመመ፣ የተቸገረ ሰው ካለ በጉባኤ ይነገራል፣ ይጸለይለታል። ሐሜት ክልክል ነው፤ የጸሎት ርዕስ ግን የሚከለክለው የለም። ረቡዕ በሴቶች ጸሎት ላይ ተነሣሁና፣ «እህቶች፣ ልጆቻችንን የሚያስተምር አንድ ወንድም ዘፍጥረት ተረት ነው ማለት ጀምሯል ሲባል ሰማሁ። በእንባ እንጸልይለት» አልኩ። ስሙን አልጠራሁም። መጥራትስ ምን ያደርጋል? ወጣቶቹን የሚያስጠና ሌላ ማን አለ? በእንባም ጸለይን። እኔም አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ የማደርገውን አውቅ ነበር።

ዳዊት ተረት አላለም። ተረት የሚለውን ቃል በአፉ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ አስቤበት ነው።

ወሬው በአቅራቢያችን ባሉት በበደሳና በቦርደዴ ከተሞች ላሉ አማኞች ሁሉ ደረሰ። መኪና የማይገባበት መንደር እንኳ የጸሎት ርዕስ ይገባል። ሽማግሌዎቹም ለብቻዬ ጠሩኝ። ሰብሳቢው ጋሽ ማርቆስ፣ «በጆሮሽ ሰምተሻል ወይ?» አሉኝ። ከውሸቴ ለመመለስ ጊዜ ነበረኝ። «በጆሮዬ» አልኳቸው። ስሜን ላለማውጣት ቃል ገቡልኝ። ወጣቶቹ መጥተው «እንዲህ አላለም» ቢሉም «የታመነ ምስክር አለን» ተባሉ። ዳዊት በጉባኤ ፊት ቆሞ ንግግሩን እንዲያነሣ ተጠየቀ። «ያላልኩትን ምኑን ላንሣ?» አለ። ከአገልግሎት ታገደ።

በዚያው ሰሞን ሱቄ መጣ። የሚሰፋ ልብስ አልያዘም። «እትዬ፣ ከባድ ነገር ገጥሞኛል፤ ይጸልዩልኝ» አለኝና ቆመ። ሳይቸኩል ቆመ። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ «እጸልይልሃለሁ፣ ልጄ» አልኩት። ሸኘሁትም። ብዙም ሳይቆይ ወደ በደሳ ተዛወረ።

ሜሮን ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቀረች። «እማዬ፣ ጥያቄ የመለሰ ሰው እንዲህ የሚባረር ከሆነ፣ እኔ ገና ብዙ የምጠይቀው አለኝ» ነበር ያለችኝ። ዛሬ ቦርደዴ ነርስ ናት። ስለ እግዚአብሔር ሳነሳባት ወሬ ትቀይራለች። ልጄን ከእግዚአብሔር ቤት ያስወጣት ባዮሎጂ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር የዘመድ ሰርግ ነበረብኝና በደሳ ሄድኩ። እሑድ ያደርኩበት ቤት ሰዎች ወደ ጸሎት ቤታቸው ወሰዱኝ። ከፊት ቆሞ የሚያስተምረው ዳዊት ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ትምህርቱም፣ የጌታ ነገር፣ ዘፍጥረት ነው። መሃል ላይ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ ስድስት ቀን ካለ ስድስት ቀን ነው እላለሁ። እሱ ቢፈልግ በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር» አሉ።

«ይችላል፣ ኦቦ ገመቹ። እኔ ግን ቀኑን በሰዓት መለካት አልደፍርም» አላቸው ዳዊት። «ማን እንደፈጠረን ላይ እንስማማለን?»

«ኤዬ፣ እሱ ላይማ ምን ክርክር አለ» አሉ ሽማግሌው። ሰው ሳቀ። አሜን ተብሎ ሲወጣ ሁለቱ ክርክራቸውን ሳይጨርሱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። ሰማዩ አልወደቀም። አንድም ሰው የጸሎት ርዕስ አላስያዘም። እንዲህም ይቻል ኖሯል? ብዬ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

አየኝ። መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፣ የሜሮንን ደኅንነት ጠየቀኝ። «ዳዊት፣ ያኔ...» ስል አቋረጠኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። የዚያን ቅዳሜ በመስኮቱ አይቼዎት ነበር። ከአዋቂ በደንብ የሰሙኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ሱቅዎ የመጣሁትም ይነግሩኛል ብዬ ነው።»

«ለሽማግሌዎቹ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ራስዎ ቢናገሩት ይሻላል ብዬ። ስጸልይልዎት ቆይቻለሁ፤ ለማንም ሳልነግር።»

ይቅር አለኝ። ገና ሳልናገረው ይቅር አለኝ። በሚኒባስ ወደ ጭሮ ስመለስ ሻሼን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ፤ ከዘመናት በኋላ የደስታ ልቅሶ ነበር። ግን ደግሞ፣ አያችሁ፣ አሁንም አልተናገርኩትም። እሱ ቀድሞ አዳነኝ።

የፍጥረት ቀኖች ሃያ አራት ሰዓት ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ዛሬም አላውቅም፤ አላውቅም ማለት ግን ከእንግዲህ አያስፈራኝም። የማውቀው ሌላ ነው። በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ሁለት ዓይነት አነባበብ የለውም። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ እጠብቃለሁ ብዬ ያንን አፈረስኩ።

ትናንት ለሜሮን ደወልኩና ረቡዕ ጭሮ እንድትመጣ ለመንኳት። «ለምን?» አለች። «ስለ መምህር ዳዊት የምናገረው አለ፤ አንቺ እያለሽ መሆን አለበት» አልኳት። «ረቡዕ ተረኛ ነኝ፤ ግን ከሰው ጋር እቀያየራለሁ» አለችኝ።

አላወቅሁም ነበር አልልም፤ አውቅ ነበር። ዘመኑ እንዲያ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ገፋፉኝ አልልም፤ ማንም አልገፋፋኝም። ረቡዕ በሴቶቹ ፊት እነሣለሁ። «ጸልዩልኝ» ብዬም አልጀምርም። «ዋሽቻለሁ» ብዬ ነው የምጀምረው።