ሁለት በአንድ ደወል

ድሬዳዋ ውስጥ ለተበላሸ ነገር ሁሉ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ወተት ቢበላሽ ሙቀት ነው፣ ባጃጅ መንገድ ላይ ቢቆም ሙቀት ነው፣ ጎረቤታሞች ቢጣሉ እንኳ አስታራቂዎቹ መጀመሪያ የሚያነሱት ሙቀቱን ነው። ስለዚህ ላፕቶፔ እኩለ ቀን ላይ ኔትዎርክ መጣል ሲጀምር ሌላ ምክንያት አልፈለግሁም።

የምኖረው ሳቢያን ሰፈር፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። አጎቴ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የፕላስቲክ ዕቃ ሱቁን እጠብቅለታለሁ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ሲዘጋ ሱቃችንም ይዘጋል፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል። እኔ ግጥም የምጽፈው ያኔ ነው። ሁለት መስመር እንደጻፍኩ አጎቴ ከግድግዳው ማዶ «ወሪያ» ብሎ ይጠራኛል። መነጽሩን እፈልግለታለሁ፣ ውሃ አቀብለዋለሁ፣ ተመልሼ ስቀመጥ ሦስተኛው መስመር የለም።

የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ፣ ቁልፏ እኔ ጋ ብቻ የሚሆን ክፍል መከራየት። ለዚህ የሚያበቃ ሥራ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። አንድ ውጭ አገር ያለ ድርጅት የተቀዳ ድምፅ እየሰማ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሰው ይፈልጋል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየተቀላቀሉ የሚወሩበትን ወሬ የሚረዳ። እዚህ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይሰማል? ፈተናው አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ መስመሩ ከተቋረጠ ገጹ ይዘጋል። ለአንድ ሰው ሁለት ዕድል ብቻ ይሰጣሉ።

ዘመናዊ ስልኬ ከተሰረቀ ወዲህ የያዝኩት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ያለኝ ላፕቶፑ ብቻ ነበር። እሱም አርጅቶ ዊንዶውስ ከብዶታል። ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛዬ በዊንዶውስ ፋንታ ሌላ ሥርዓት ጫነልኝ፤ ጥቂት ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት፣ ነፃና ቀላል የሆነ። ማሽኑ ወጣትነቱ ተመለሰለት። ገመድ አልባው ኔትዎርክ ግን አመል አወጣ። ጠዋት ከሱቅ በፊት ሳነብበት ደህና ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ የፈተናውን ናሙናዎች መለማመድ ስጀምር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። አጥፍቼ ካላስነሳሁት አይመለስም።

ላፕቶፑን ማቀዝቀዝ ያዝኩ። እርጥብ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት፣ የውሃ እንስራ አስደገፍኩት፣ ቬንትሌተሩን ከእኔ አዙሬ ለእሱ ሰጠሁት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከዚራ ዋይፋይ ያለው ጁስ ቤት ይዤው ሄድኩ። ማዳመጫዬን ረስቼው ስለነበር ሳነብ ብቻ ቆየሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዴም አልጠፋም። ነገሩ ተረጋገጠልኝ፣ ጥላና ነፋስ ነበር የሚያስፈልገው።

ለመጀመሪያው ፈተና ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚያው ጁስ ቤት ተቀመጥኩ። ለአጎቴ ጥርሴን ልታከም ነው ብዬ ነግሬው ነበር። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የማሽኑን ሆድ ብነካው ቀዝቃዛ ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ኔትዎርኩ ጠፋ። ገጹ ተዘጋ።

ለጓደኛዬ ስነግረው የላፕቶፑን ሆድ አገላብጦ እርጥቡ ጆንያ የተወበትን ምልክት አየ።

«ወሪያ፣ አጥበህ አስጥተኸው ነበር እንዴ?» አለኝ። «ሙቀት ካልሆነ ዛር ነው በቃ።»

ዛርም አልነበረም። ሥርዓቱ የሚሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል አለው፤ እስከዚያ ቀን ከፍቼው አላውቅም። ኔትዎርኩ በጠፋ ቁጥር አንድ መልእክት ተጽፎ አገኘሁ፣ ሁልጊዜ ከአሥራ ሰባት ቁጥር ጋር። ለሦስት ቀን የኢንተርኔት መድረኮች ሳነብ ከርሜ ገባኝ። በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የሚናገረው ሲኖረው ዋናውን አንጎል ሥራ ያስቆመዋል፣ ደወል ደውሎ እንደሚጠራ ሰው። ኢንተራፕት የሚሉት ይህን ነው። በእኔ ማሽን የኔትዎርክ ካርዱና የድምፅ ካርዱ አሥራ ሰባተኛውን ደወል ለሁለት ይጋሩታል። ድምፅ ስከፍት ደወሉ ሳያቋርጥ ይደወላል፤ ኔትዎርኩን የሚያስተዳድረው፣ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም የራሱን ጥሪ ከሌላው ጥሪ መለየት ያቅተዋል፤ ሥርዓቱም በመጨረሻ ሰልችቶት ደወሉን ይነቅለዋል። ያ ሁሉ እርጥብ ጆንያ ለምንም ነበር። ጠዋትና ጁስ ቤት ደህና የሆነው ድምፅ ስላልከፈትኩ ብቻ ነው።

ድምፁን ከነጭራሹ ሳጠፋው ኔትዎርኩ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። ፈተናው ግን ማዳመጥ ነው። መስማት እችላለሁ፣ ወይም መገናኘት እችላለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም። ድራይቨሩን ለጻፈው ሰው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፍኩለት። እንዲህ ያለ ካርድ የለኝም፣ ልሞክርልህ አልችልም፣ የኔትዎርክ ካርዱን ሌላ ማስገቢያ ውስጥ ብትሰካው ግን የተለየ ደወል ሊደርሰው ይችላል ብሎ መለሰልኝ።

ከጓደኛዬ ቀጭን መፍቻ ተውሼ ላፕቶፑን ላብ ባራሰው እጄ ፈታሁት። ባዶ ማስገቢያ ነበረው። ካርዱን እዚያ ሰካሁት። ከስክሪኑ ጀርባ የሚመጡት ሁለት የአንቴና ሽቦዎች ግን የተቆረጡት ለድሮው ቦታ ነው። ጥቁሩ ደረሰ፤ ነጩ አንድ ጣት ያህል አጠረ። ማሽኑን አስነሳሁት። ደወሎቹ ተለያይተዋል፣ ድምፅና ኔትዎርክ አብረው ይሠራሉ። በአንድ ሽቦ ግን ሲግናሉ ግድግዳ አይሻገርም። የቤቱ ራውተር ያለው ፍራሽ በተነጠፈበት የእንግዳ ክፍል፣ መጅሊሱ ውስጥ፣ አጎቴ እኩለ ቀን ጋደም ከሚልበት ትራስ አጠገብ ነው።

ያለኝ የመጨረሻ ዕድል ነው። ሄጄ ስለ ፈተናው ለአጎቴ እውነቱን ነገርኩት።

«ሥራ ነው?» አለኝ።

«ሥራ ነው።»

«ሱቁስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። «ቁጭ በል እንግዲህ። እኔ አልተነፍስም» አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። አራተኛው ደቂቃ አለፈ፣ አሥረኛው አለፈ። ሠላሳኛው ላይ ከወገቤ ቀና ማለት ጀምሬ ነበር። የመጨረሻው ቅጂ ግን የገበያ ወሬ ሆነ፤ አንድ ሰው በሶማሊኛ እንደ በረዶ ያወርደዋል። ሦስት ጊዜ መለስኩት። ሶማሊኛ አውቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው፤ የማውቀው የባጃጅና የሱቅ ሶማሊኛ ኖሯል። አጎቴ አንድ ዓይኑን ገልጦ ፊቴን ያያል።

ገጹ ላይ «ብቻዎን ይሥሩ» የሚል ተጽፏል። ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ ነቅዬ ለአጎቴ ሰጠሁት። ሽቦው አጭር ስለሆነ ጭንቅላቱን ወደ ጭንቅላቴ አስጠጋ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ይሄማ የቢዮ አዋሌ አነጋገር ነው፣ ወላሂ። ፍየል እየሸጠ ነው። ገዢው ፍየሏ ታማለች ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ‹የታመመችው እሷ እንጂ ወተቷ ምን ሆነ?› ይላል።»

አጎቴ በወጣትነቱ ወደዚያ ገጠር ሸቀጥ ይዞ ይመላለስ ነበር። ቃል በቃል እየነገረኝ ጻፍኩ።

ከሳምንት በኋላ ማለፌን ጻፉልኝ። በተለይ የመጨረሻውን ክፍል አመሰገኑ፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ እንደሚወድቅ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያሉትን በብዛት እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ። ማን እንደሠራው አልነገርኳቸውም። አጎቴ ለሱቁ ሌላ ሰው ቀጠረ፣ ለእኔ ደግሞ አዲስ ትራስ ገዝቶ ከራውተሩ ሥር አደረገው።

ቆይቶ ጓደኛዬ ረዘም ያለ ነጭ ሽቦ አገኘልኝ። ሲግናሉ እስከ ቆርቆሮዋ ክፍሌ ደረሰ። የከዚራዋን ክፍል እያሰብኩ በሬን ዘግቼ አንድ ቀን ብቻዬን ሠራሁ፤ ሁለት ቅጂ ጨረስኩ። ሦስተኛው የከብት ነጋዴዎች ነበር። ግማሽ ሰዓት ታገልኩት፤ ጊዜው ሊያልቅብኝ ሲል ላፕቶፑን እንደተከፈተ አቅፌ በፀሐዩ ግቢውን ተሻገርኩ።

አጎቴ ጋደም ብሏል። ከጎኑ ያለው ቦታ ማንም አልተቀመጠበትም።

«ምን አስቆየህ?» አለና ለማዳመጫው እጁን ዘረጋ።