ከኳሱ ሥር ያሉት ሻሾች

በሰፈሩ ሁሉም ሰው «አሰልጣኝ» ነው የሚለው። ጠዋት ትልቁን የስፖርት ቦርሳ በትከሻው አንግቶ፣ ትንሿን ልጁን በእጁ ይዞ ከግቢ ሲወጣ፣ ጸጉር አስተካካዩ ጎረቤቱ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ፣ «እንዴት ነው አሰልጣኝ? ዘንድሮስ ዋንጫ አለ?» ይለዋል። እሱም «እንሞክራለን» ብሎ ጥርሱን ብልጭ ያደርግና እግሩን ያፈጥናል። የቦርሳው ዚፕ ሁልጊዜ ግማሽ ድረስ ክፍት ነው፤ ከውስጡ ኳስ ብቅ ብሎ ይታያል። ኳሱ ግን ከተገዛ ጀምሮ እግር ነክቶት አያውቅም። ሥራው መሸፈን ነበር። ከሥሩ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ስስ ሻሾች፣ አንዲት ትንሽ ከበሮና ሶሉ ያለቀ የጨርቅ ጫማ ይተኛሉ።

ሰውየው ለተማሪዎች የፈጠራ ውዝዋዜ የሚያስተምር መምህር ነበር።

እርግጥ ሲቀጠር ለስፖርት ነበር። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ሜዳው ላይ አዳዲስ ክፍሎች ሲሠሩበት ኳስ የሚያንከባልሉበት ቦታ ጠፋ። ርዕሰ መምህሯ ጠርታ፣ «አዳራሹ ባዶ ነው። አጭር ሥልጠና ውሰድና ልጆቹን እንቅስቃሴ አስተምርልኝ፤ እየዘለሉ፣ እየተወዛወዙ፣ ከራሳቸው እያወጡ» አለችው። «ለጊዜው ነው» ብሎ ገባበት። ለጊዜው ያለው ነገር ዓመታት ፈጀ፤ የባሰው ደግሞ ወደደው። አንድ ቃል ከአፉ የማይወጣ ዓይን አፋር ልጅ በክንዱ ብቻ ሲናገር ባየ ቁጥር የሚሆነውን ያጣል። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ኳሱን ከላይ ያስቀምጣል።

የሚፈራው አማቱን ነበር። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰው በጠባብ ልብስ ሲወዛወዝ አይተው፣ «ለዚህም ልጁን የሚድር አባት ይኖራል!» ብለው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ያ ሳቅ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረ። ሚስቱ፣ «ንገራቸውና ይውጣልህ» ብላ ብላ ታክቷታል። ልጅቷም ታውቃለች፤ እዚያው የእሱ ተማሪ ናት። ትምህርት ቤት «ቲቸር» ትለዋለች፣ ቤት «አባዬ»። አያቷ «ዛሬ አባትሽ ምን አሠራችሁ?» ሲሏት፣ «ኳስ፣ አባባ» ትላለች። እንዲህ በይ ብሎ ያስጠናት የለም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ሚስቱ ልትመጣ ተስማምተው ነበር፤ እሷ ነርስ ናት፣ የዕለቱ ተረኛ ቀረችና ፈረቃው እሷ ላይ ወደቀ። ልጅቷ ጠያቂ የሌላት እንዳትመስል ብላ ሽማግሌውን አባቷን ላከቻቸው። ለባሏ ብትደውል ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። እሱ ወገቡ ላይ ቢጫ ሻሽ አስሮ፣ ከበሮዋን ይዞ መሀል ነው። ቀና ሲል አማቱ ከፊት ወንበር ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከጎናቸውስ? ጸጉር አስተካካዩ! በመኪናው አድርሷቸው፣ ትርዒት ሳላይማ አልሄድም ብሎ ቀርቷል።

«አሰልጣኙ የታለ?» አሉ ሽማግሌው፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው።

«መሀል ያለው ነው፣ አባባ» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ሻሽ የታጠቀው?»

«እሱ ራሱ!»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሻሹን ሊፈታ እጁን ሰደደ፤ ቋጠሮው ይብሱን ጠበቀ።

የዕለቱ ጨዋታ «ከቤቴ ያመጣሁት» ይባላል። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ሰዎች አንዱ ማንም አያየኝም ብሎ የሚያደርገውን ነገር ያለ ቃል ያሳያል። ከዚያ ክቡ በሙሉ፣ መምህሩም ጭምር፣ ያንኑ ይመልስለታል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ «አለመመለስ ሰላም ሲሏችሁ ዝም እንደማለት ነው» ይላቸዋል። ልጁ ከክቡ ውስጥ መሆኗን እንዴት እንደዘነጋው እንጃ።

አንዱ ልጅ እናቱ ከድስቱ በጣቷ ስትቀምስ አሳየ። ሌላዋ አጎቷ መስታወት ፊት ቦርጩን ወደ ውስጥ ሲስብ። ወላጆች ሳቁ። ቀጥሎ የእሱ ልጅ ወደ መሀል ወጣች።

የሌለ ቦርሳ መሬት ላይ አስቀመጠች። የሌለ ሻሽ አጣጠፈች፣ ደባበሰችው፣ በመሀል ጣቷ ወደ ታች ሰገሰገችው። አንድ ትልቅ ድቡልቡል ነገር በሁለት እጇ አንስታ ከላይ ጫነችበት። ዚፑን ግማሽ ድረስ ሳበች። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ደረቷን ነፍታ፣ አገጯን ሰቅላ ተራመደች፤ አንድ ቦታ ስትደርስ ለሆነ ሰው ጥርሷን ብልጭ አድርጋ እግሯን አፈጠነች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጸጉር አስተካካዩ ጭኑን እየመታ ሲስቅ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ያ ፈገግታ ለማን እንደሆነ ገባው፤ በየጠዋቱ የሚቀበለው እሱ ራሱ ነው።

ልጅቷ ቦታዋ ተመልሳ አባቷን አየችው። ልታሳጣው አልነበረም። በደንብ ሠርታ ጎበዝ መባልን የምትጠብቅ ተማሪ ነበረች።

«ቲቸር፣ አንመልስም?» አለ አንድ ልጅ።

እስከዚያች ደቂቃ ያፈረው በሻሹ ነበር። አሁን ግን ልጁ መደበቁን፣ በየትኛው ጣት እንደሚሰገስግ ሳይቀር፣ ማወቋ አንገበገበው። ከበሮዋን አስቀምጦ ጎንበስ አለ። አጣጠፈ፣ ደበቀ፣ ኳሱን ጫነ፣ ዚፑን ሳበ። ደረቱን መንፋት ላይ ሲደርስ ግን አቃተው። እንዳጎነበሰ ቀረ። ልጆቹም እሱን እያዩ ሁሉም እንዳጎነበሱ ቀሩ። የሚስቅ ጠፋ።

ሲመለሱ ሁሉም በጸጉር አስተካካዩ መኪና ተሳፈሩ።

«ኳሱን ማን ገዛው?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ለእርስዎ፣ አባባ። ያን ዕለት ቴሌቪዥን እያዩ ሲስቁ ጊዜ...»

«እኔስ ሳላውቅ ሳቅሁ። አንተ እያወቅህ ምን ሆነህ ሳቅህ?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «መወዛወዙ አሁንም አልጣመኝም» አሉ። «ግን ይቺ ልጅ ስንት ጊዜ ኳስ አለችኝ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አባቷም ደፋ።

በማግስቱ ጠዋት ኳሱን አልጋ ሥር ትቶት ወጣ። ጸጉር አስተካካዩ ከደጃፉ፣ «እንዴት ነው አሰ...» ብሎ ጀመረና ምን ብሎ እንደሚጨርስ ጠፋው። ቦርሳው ያለ ኳስ ሟሽሿል፤ በተከፈተው ዚፕ የቀዩ ሻሽ ጫፍ ወጥቶ ይወዛወዛል። የሰውየው መሀል ጣት ሳያስበው ወደዚያ ሄደ። ልጅቷ ጣቱን ታያለች። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተው። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ግን ፊቱ እንደ ፍም እንደቀላ ነበር።