ሞራ የተቀባው ብረት

ባለቤቴ አቃቂ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ግቢ ዘበኛ ሳለ የምንኖረው ከሐዲዱ ማዶ፣ ለባቡር ሠራተኛ በሚሰጥ ቤት ነበር። ሥራው ከቀረ ቤቱም ይቀራል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩኝ፣ ሦስተኛውን አርግዤ ነበር፤ ይህን ሳላስብ ውዬ የገባሁበት ቀን የለም።

አንድ ጊዜ ክረምት ሊገባ ሲል ከጅቡቲ የመጣው ባቡር አንድ ትልቅ የናፍጣ ሞተር በየአካሉ ተፈታቶ ይዞ መጣ። እዚያው አቃቂ ላለ አንድ ፋብሪካ መብራት ሊያመነጭ ነው አሉ። የሚወስደው ከባድ መኪና እስኪመጣ ድረስ ዕቃው ግቢው ውስጥ በወፋፍራም እንጨት ላይ ተጋደመ። ባለቤቴ ተረከበው።

እንዲያ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ፒስተኑ አንዱ ብቻውን የጠላ ጋን ያህላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ትልቅ ሰው ሳያጎነብስ ይቆማል። ክራንክ ሻፍት የሚሉት ዋናው ዘንግ ደግሞ ግንዱ እንደወደቀ ዋርካ ተዘርግቶ፣ በየቦታው ጉልበቱን እንዳጠፈ ሰው ይታጠፋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የልጆቼን እጅ ግጥም አድርጌ ይዤ ነው። ቢንከባለልስ? ሲሊንደሩ ውስጥ ገብተው ቢቀሩስ? ባለቤቴ፣ ክሬን በመከራ ያወረደውን ነገር የኔ ልጆች እንደማይነቀንቁት ነግሮኝ ሳቀብኝ።

ወሬው ተሰማና ሰዉ ይጎርፍ ጀመር። የባቡር ነጂዎች መጡ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒኮች ከሥራ ሲወጡ በዚያው መጡ፣ ከዙሪያው መንደር ገበሬዎችም መጡ። ገመድ ይዘው ይለካሉ፣ ተራ በተራ ሲሊንደሩ ውስጥ እየገቡ ድምፃቸው ጎርንኖ ሲመለስላቸው እንደ ልጅ ይስቃሉ። አንዱ ነጂ የዚህ ወንድም ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከብ ሲነዳ አይቻለሁ ብሎ ማለ። አንድ ገበሬ ደግሞ ምን እንደሚበላ ጠየቀ። ናፍጣ ነው ሲሉት፣ እንዲህ ያለውን ከብት የሚያጠግብ ጌታ ምን ያህል ሀብታም ቢሆን ነው ብሎ አሳቃቸው።

ከሁሉም አብልጦ የወደደው ግን አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነው። በእንፋሎት ባቡር ዘመን እሳት ማንደድ ነበር ሥራው። በየቀኑ እየመጣ ዘንጉን እንደ ፈረስ አንገት ይደባብሰዋል። ዘንጉ ግራሶ የሚሉትን ወፍራም የብረት ቅባት ተቀብቶ ነው የመጣው፤ በረሃውን ሲያቋርጥ አቧራው ተጣብቆበት ሌጦ መስሏል። ሽማግሌው ይህን ማየት አልቻለም። በእነሱ ጊዜ ባቡር ሳይወለወል ከቤቱ አይወጣም፤ ነሐሱ ፊት ካላሳየ ነጂው አይነሳም። ቅዳሜ ከሰዓት መካኒኮቹ ከፋብሪካው ውዳቂ ክር በጆንያ ሙሉ አመጡና፣ ሽማግሌው እየመራ፣ ባለቤቴም አብሯቸው እያገዘ፣ ግራሶውን ጠርገው ጨረሱ። ዘንጉ እንደ መስተዋት አበራ። ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ።

ሌሊቱን አካፋ። የግቢው ሸራ ቀዳዳ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባለቤቴ ዘንጉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር። እንደ መስተዋት በተወለወለው ቦታ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀይ ዝገት ወጥቷል።

«ነገ የፋብሪካው መሐንዲስ ዕቃውን ሊያይ ይመጣል» አለኝ። «ዕቃችንን ማሸግ ጀምሪ።»

ሽማግሌውም ደርሶ ኖሮ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

«ልጄ፣ እኛ የምናውቀው ማክበር ይኸው ነው፤ መወልወል» አለኝ።

የግራሶው መጋዘን ተቆልፏል፣ ቁልፉ አዲስ አበባ ነው። መካኒኮቹ ያገኙትን ዘይት ቢቀቡት ከሰማዩ የሚወርደው አጥቦ ወሰደው። ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። አርሶ ሲጨርስ ማረሻውን ሞራ ቀብቶ ነበር የሚሰቅለው፤ ለከርሞ ሲያወርደው እንዳስቀመጠው ያገኘዋል። ይህንኑ ፈራ ተባ እያልኩ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም።

ጾም ከተፈታ ብዙ አልቆየም፣ ሞራ ያላት ጎረቤት ሁሉ አወጣች። ሥጋ ቤቱ የቀረውን በባልዲ ላከልን፤ ዋጋውን ብጠይቅ፣ ብረቱ ሲነሳ መብራት ትሰጪኛለሽ ብሎ ቀለደ። ጨው ብረት ይበላልና ጨው የነካውን ለይቼ አስቀረሁ። በጎላ ድስት እያቀለጥን፣ ወንዶቹ ሸራውን ወጥረው ይዘው፣ ሴቶቹ ቀባን። ትናንት የጠረጉት መካኒኮችም ዛሬ እጃቸው እስከ ክንድ ሞራ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአቃቂ ውሻ በሙሉ መጣ። ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ ውሻ ሲያባርር ዋለ፤ ወንዶቹም፣ አባባ በመጨረሻ የመንግሥት ሥራ አገኙ እያሉ ቀለዱበት።

ሰኞ መሐንዲሱ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ። እኔ በቤታችን መስኮት ቆሜ ነበር፣ አላስችል ቢለኝ ወጣሁ። ዘንጉን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ። ባለቤቴን አየው። ባለቤቴ ምንም አልደበቀም፤ የሌሎቹን ስም ሳይጠራ እሱ ራሱ እንደጠረገው ተናገረ፤ ዝገቱን ራሱ አሳየው። መሐንዲሱ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሞራውን ገለጥ አደረገና ዝገቱን በጥፍሩ ፋቀው። እኔ በሆዴ እመቤቴን እየተማጸንኩ ነበር።

«ላይ ላዩን ነው፤ በስሱ ሲወለወል ይለቃል» አለ። «ሌላው ቦታ ደህና ነው። ሁለተኛ እንዳትጠርጉ። ሞራ ይቀባ ያለው ማን ነው?»

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። መሐንዲሱ ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፤ ሞራ ሞራ የሚሸት ቀሚሴ አሳፍሮኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ሦስተኛዋ ልጄ እዚያው ቤት ተወለደች። ሞተሩ ተተክሎ ሲነሳ መሬቱ ድም ድም ይላል፤ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ይንሿሿሉ። ጎረቤቶቼ ልጆቻችንን ቀሰቀሰብን እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን ያንን ባልዲ ሙሉ ሞራ፣ ሸራ ወጥረው የቆሙትን፣ ውሻ ሲያባርር የዋለውን ሽማግሌ አስባለሁ። ብርጭቆዎቹን ትንሽ አራርቄ አስቀምጥና ሥራዬን እቀጥላለሁ።