ግማሹ ለጊዮርጊስ

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ በመንዝ ገደላ ገደል ኦፓል የሚባል፣ ውስጡ ቀስተ ደመና የሚጫወትበት ድንጋይ ወጣ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የጋሽ ተገኘ ልብ እርሻ ላይ የለም። ሰው ገብሱን ሲዘራ እሳቸው ዶማ ተሸክመው ገደል ለገደል ናቸው።

መሐል ሜዳ ከተማ ድንጋዩን የሚገዛው አንዷለም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጋሽ ተገኘ በጆንያ ይወስዱለታል፤ እሱ አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ ያይና ጆንያውን መልሶ ያሸክማቸዋል። ለጌጥ የሚሆነው ከሺህ አንድ አይገኝም ይላቸዋል። አልማዝም ቢሆን የሚበዛው ብረት መቁረጫ ነው፣ ለቀለበት የሚበቃው ጥቂቱ ነው ብሎ ያጽናናቸዋል። ምን ያጽናናል ይሄ! ተመላሹን ድንጋይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ የበጎቹን ጉረኖ አጠሩበት። ዘንድሮ ካልቀናቸው ዶማውን ጥለው ወደ ገብሳቸው ሊመለሱም በሽማግሌ ፊት አስማሏቸው።

ጋሽ ተገኘ ጨነቃቸው። ለጊዮርጊስ ተሳሉ፤ ደህና ድንጋይ ብትሰጠኝ ግማሹ ያንተ ነው አሉ። የደብሩ ጣሪያ ሳር ነው፣ ያፈሳል።

ሰማዕቱ ሰማ። በሚያዝያ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ወጣላቸው፤ ውሃ ሲነካው ውስጡ እሳት ይነድዳል። 

እዚህ ላይ የሰውየውን ጠባይ ማወቅ ደግ ነው። ጋሽ ተገኘ ራሳቸውን አያምኑም። አንድ ጊዜ ሙክት ተስለው፣ ቀኑ ሲደርስ ሳሱለትና አንካሳዋን በግ አስገቡ፤ በሳምንቱ በረዶ የሳቸውን ማሳ ለይቶ መታው። አሁንም ብሩን ካዩ በኋላ እጃቸው እንዳይሰበሰብ ፈሩ። ስለዚህ ሳይሸጡት የጊዮርጊስን ድርሻ ለዩ። በመዶሻ። ያውም አይ እሳቸው፣ እንዳይበላለጥ በክር ለክተው፣ መሀሉን በከሰል አስምረው!

ከደብሩ አስተዳዳሪ ከቄስ ወልደ ጻድቅ ጋር፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሻቸውን ይዘው መሐል ሜዳ ወረዱ። አንዷለም ሁለቱን ግማሾች ገጣጠማቸው። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል፤ ያ ሁሉ እሳት ጠፍቷል። ማን እንደሰበረው ጠየቀ፤ ስለት ነው አሉት። ልጁ ቁጭ አለ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ አቻ አልነበረውም።»

ጋሽ ተገኘ የያዙትን ግማሽ አዩ፤ የቄሱንም አዩ።

«ታዲያ አሁን አገኘ» አሉ።

የጊዮርጊስ ግማሽ አንድ ቆርቆሮ ገዛ፤ ጣሪያው ላይ ቄሱ በሚቆሙበት በኩል መቱት። ጋሽ ተገኘ ቤት ገብተው መከራከር ጀመሩ፤ የማልኩት ካልቀናኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀንቶኛል አሉ። እውነታቸውን ነው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ዶማውን ከጓዳ አወጡና አቀበሏቸው።

«መቆፈሩን ይቆፍሩ። ስለቱን ግን ከእንግዲህ የምሳለው እኔ ነኝ።»