ባባ ከነደባ ላይ ዓሣ ያጠመዱበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ባሕር የሚጀምረው ከቤታችን ነደባ ጫፍ ነበር። ነደባ የምንለው በጀጎል የድሮ ቤቶች ሳሎን ውስጥ ከፍና ዝቅ ተደርጎ የሚሠራውን፣ ምንጣፍና ትራስ የሚደረደርበትን መቀመጫ ነው፤ ከፍ ያለው ለትልልቆቹ፣ ዝቅ ያለው ለእኛ ለልጆች። ማታ መግሪብ ተሰግዶ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ መብራት የማይጠፋበት ማታ አልነበረም፣ እናቴ ፋኖሱን ታበራለች፤ ባባም ከፍ ካለው ነደባ ላይ ይቆሙና በመጥረጊያው እንጨት ጫፍ ሲባጎ አስረው፣ በሲባጎው ጫፍ የሻይ ማንኪያ አንጠልጥለው ወደ ቀዩ ወለል ይወረውራሉ። ወለሉ ባሕር ነው፣ ነደባው አሸዋ ነው። እኛ እንደ ባባ ስሜት አንድ ቀን ዓሣ፣ አንድ ቀን ድንጋይ እንሆናለን።

ባባ የእናቴ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ከጅቡቲ በጭነት መርከብ ተሳፍረው፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት እየቀቡ ዓለምን ዞረዋል፤ ዞሩ ይባል እንጂ ያዩት ሞተሩን ነው። ባሕሩን ራሱን በደንብ ያዩት መርከቡ ተበላሽቶ አንድ የሰሜን አገር ወደብ ላይ ተገትሮ በቀረ ጊዜ ነው። የአገሩን ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ከአቦከር ቀጥሎ ያለ ሰፈር ይመስል «ከእንግሊዞች ከፍ ብሎ ያለው» ይሉ ነበር። እዚያ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሽማግሌ ብርድ ሲያንዘፈዝፋቸው አየና ካፖርቱን አለበሳቸው፤ ኋላም ከባሕር ዳር ቆሞ ትራውት የሚባል ዓሣ ማጥመድ አስተማራቸው። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ባባ «እንደሱ ያለ ጓደኛ የት ይገኛል! አንድ ቀን እንኳ ተከራክሮኝ አያውቅም» ይሉ ነበር።

እኛ ዓሣ የምናውቀው በቆርቆሮ የሚመጣውን፣ ዘይት ውስጥ የተኛውን ሰርዲን ብቻ ነው። የተከራያችን ልጅ ዳዊት ማታ ማታ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ስለነበር ባባ የቤታችንን ቋንቋ ትተው በአማርኛ ነበር የሚያወጉት፤ አንድ ማታ ታዲያ ይኸው ዳዊት «ጭንቅላት አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱስ አለው» አሉት ባባ፣ «እኔን ያሳሰበኝ ያንተው ነው።»

ትራውት ወንዝ ውስጥ ይወለዳል። አድጎ ወንዙ ሲጠበው ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እዚያ ይወፍራል፣ ገላው እንደ ብር ያበራል፣ ከዚያ የተወለደበትን ወንዝ ፈልጎ ይመለሳል። እንዴት እንደሚያውቀው ስጠይቃቸው «አንቺ ቤትሽ ይጠፋሻል? በጠረኑ ነዋ!» ይሉኛል። የጀማሪ አጥማጅን ነገር ሲያወሩ ደግሞ እንደተቆጡ ነው። ጀማሪ ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ ዓሣው ሩቅ ያለ ይመስለውና ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል፤ ዓሣው ግን እዚያው ዳር፣ እግሩ ሥር ነው ያለው፤ አስደንብሮት ያልፋል። «ሽማግሌው እኔን በካፖርቱ ኮሌታ ይዞ ነው ከውሃ ያወጣኝ» ይሉና ራሳቸውን በኮሌታቸው ይዘው ወደ ኋላ ይጎትታሉ፤ እኛም በሳቅ እንፈርሳለን። ምድጃው ላይ ቁጢው፣ ያ የቡና ቅጠል ከወተት ጋር የሚፈላው፣ ቀስ እያለ ይንተከተካል፤ እናቴ ፍሙን ትቆሰቁሳለች፣ አትስቅም።

የማትስቅበት ምክንያት ነበራት። ቤታችን ያን ክረምት ለቅሶ ያልተቀመጠበት የለቅሶ ቤት ነበር።

ረምዚ የባባ አንድ ወንድ ልጅ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሸዋ በር ላይ የሞባይል ቀፎ ይጠግን ነበር። ሥራው አልሞላለት ሲል ከሰፈር ልጅ ጋር ሆኖ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ጓደኛው ብቻውን ተመለሰና ቤታችን መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። ጀልባ ነጂዎቹ ጠባቂ ፈርተው ከዳርቻው ትንሽ ሲቀራቸው ውረዱ አሏቸው። ውሃው ጉልበት ድረስ ነበር፤ አሸዋው ከፊት ለፊት ይታያል። ረምዚ ቀድሞ ሄደ፣ ዞር ብሎ «ደረስን!» አለው። ከዚያ ወዲያ አላየውም።

ባባ እስኪጨርስ ሰሙት። «ጉልበት የሚደርስ ውሃ ሰው አይገድልም» አሉት። «እኔ ባሕር ዳር ኖሬያለሁ። አንተ ደንግጠህ ነው፣ አይዞህ። ተይዞ ይሆናል፤ ከእስር ይፈታል፣ ይደውላል።» ሻይ አስቀድተውለት፣ ጠጥቶ ሄደ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አፎቻ ይመጣል፤ አፎቻ በሠርግም በሐዘንም አብሮ የሚቆም የዘመድና የጎረቤት ማኅበር ነው። ግን ዝም ብሎ አይመጣም። የቤቱ ታላቅ «ሞቷል» ማለት አለበት። ከዚያ አንዲት ሴት በየቤቱ ዞራ ትናገራለች፣ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ይለቀሳል፣ ወንዶቹም አስከሬን ለሌለው የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ ይሰግዳሉ። ባባ አላሉም። ስለዚህ ሁሉም ሰምቶ ሳለ ማንም አልመጣም። ሴቶቹ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ እናቴን ሲያገኟት «አላህ ይርሐመው» እንዳይሉ ቤቱ አላለም፣ «ደህና ነው ወይ?» እንዳይሉ ነገሩን ሰምተዋል፤ ቢቸግራቸው ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወሯት ነበር። አስታውሳለሁ፣ እጄን ይዛኝ ነበር፤ አንዷ ስለ ቲማቲም እየነገረቻት የገዛ ዕንባዋ ሲወርድ እናቴ «አዎ፣ ተወዷል» አለቻት።

«ባባ፣ ይበሉትና ይውጣልኝ» ብላ ለመነቻቸው አንድ ቀን። «ወንድሜን ላልቅሰው።»

«ለማን ነው የምታለቅሺው? በሕይወት ላለ ሰው? ሐራም ነው!» አሉና ቁጣቸው ሳይበርድ የመጥረጊያውን እንጨት አነሱ። እኔ ደስ አለኝ። ዱሮ አልፎ አልፎ ብቻ የነበረው የዓሣ ወሬ ያን ክረምት የየማታ ሆኖልን ነበር፤ ወሬው ሁሉ ደግሞ ዓሣው ተመልሶ ወንዙ ሲገባ ነበር የሚያበቃው። ዳዊት «ሁሉም ይመለሳል?» ሲላቸው «የሚመለስ ይመለሳል፤ ዝም ብለህ ስማ» አሉት።

ያን ማታ ዝናቡ ጣራውን ይደበድበው ነበር። ባባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያወሩ ሳለ፣ ዘወትር ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው። ዓሣው ያን ሁሉ ባሕር ትቶ ዳር ላይ ምን ይሠራል?

«አ-ሃ! ይሄ ነው ጥያቄ!» አሉ፣ ደስ አላቸው። «ተነሺ። ወለሉ ላይ ውረጂ። ከወዲያ፣ ከግድግዳው በኩል ወደኔ ነይ። አሁን ከባሕር ነው የምትመጪው።»

ወረድኩ። ፋኖሱ ከኋላቸው ስለነበር ፊታቸው አይታየኝም፤ ጥላቸው ግን ወለሉን አልፎ እስከኔ ይደርስ ነበር።

«ሞገድ ዳርቻው ላይ ሲወድቅ ከሥሩ አሸዋውን ይቆፍረዋል» አሉ። «ስለዚህ ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄድ ቦይ አለ። ከላይ አይታይም፤ ውሃ ነው፣ ምኑ ይታያል! የተቆፈረው አሸዋ ደግሞ ከቦዩ ወዲያ ይከመራል። አንቺ አሁን ክምሩ ላይ ነሽ። ውሃው ጉልበትሽ ድረስ ነው። ነይ፣ ተራመጂ። አሁንም ጉልበትሽ ድረስ ነው። አሸዋው ይታይሻል፣ ባሕሩ ያለቀ ይመስልሻል። ነይ፣ ነይ... እህ! እዚህ ጋ ቦዩ ውስጥ ገባሽ። ትንሹ ዓሣ፣ ትሉ፣ ምኑ ሁሉ እዚህ ነው የሚጠራቀመው። ትራውትም ሆዱን ተከትሎ እዚህ ይመጣል።»

እኔም ጨዋታው አይሎብኝ «ሰጠምኩ!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ዳዊት ከት ብሎ ሳቀ። ተኝቼ ሳለሁ ወደ ላይ ቀና ብዬ «ባባ፣ ትልቅ ሰውስ ይሰጥማል?» አልኳቸው።

«ለትልቅ ሰውም ቢሆን ጥልቀቱ ይበቃዋል እንጂ» አሉ፣ አሁንም በዚያው በአስተማሪ ድምፅ። «ያውም ዋና ካልቻለ፣ ልብሱ ከከበደው፣ ሞገዱም ከኋላ...»

አቆሙ።

እናቴ ከምድጃው ላይ ቀና አላለችም። መቆስቆሻው እጇ ላይ እንደተያዘ ቀረ። ጉልበት የሚደርሰው ውሃ ሰውን እንዴት እንደሚገድል ባባ በገዛ አፋቸው ተናገሩት፤ ለሁላችንም፣ ለዳዊት እንኳ፣ ያኔውኑ ገባን። ወዴት እንደምናይ ጠፋን። እኔ ከወለሉ ላይ ለመነሳት አፈርኩ፣ ወይም ፈራሁ፤ ዛሬም አልለየሁትም።

ባባ ከላይ ወርደው ዝቅ ያለው ነደባ ላይ፣ በእኛ ቦታ ተቀመጡ። «ራሒማ» አሏት እናቴን፣ «ጠዋት ለአፎቻው ንገሪ።»

«ምን ብዬ?» አለች። የምታውቀውን ነው የጠየቀችው፤ ግን ሊሉት ይገባ ነበር።

«ረምዚ ሞቷል በያቸው።»

እናቴ አልጮኸችም። ድስቱን ከእሳቱ ላይ አወረደች። ዳዊትን እናቱ ከግቢው ጠራችውና ሄደ። እኔ ሲባጎውን ከመጥረጊያው ፈትቼ ጠቀለልኩ፤ ማንኪያውን አጥቤ ቦታው መለስኩት። ምንም አልተሰማኝም። እንዲያው እግር ደንዝዞ ሲቀር የሰው እግር እንደሚመስለው፣ እኔም የሌላ ልጅ እጅ ማንኪያ ሲያጥብ የማይ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሴቶቹ ቤቱን ሞሉት። ያን ሁሉ ጊዜ ጉሮሯቸው ላይ ይዘውት የከረሙትን ቃል አሉት፤ ስለ ቲማቲም ያወራቻት ሴትዮ የእናቴን አንገት አቅፋ አልለቅ አለች። እናቴ አለቀሰች፣ እስኪበቃት አለቀሰች፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቷ ተመለሰች። ባባ ወንዶቹ መካከል ተቀምጠው እያንዳንዱን በጨዋ ደንብ ተቀበሉ። እኔ ውሃ አመላለስኩ። «ጠንካራ ልጅ» አሉኝ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ምን እንደነበር ግን ስም አላገኘሁለትም።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴ ስትጠይቃቸው ሰማሁ። «ባባ፣ ያውቁ ነበር? ልጁ የነገረዎት ዕለት?»

«እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ ነው ያወቅኩት» አሏት። «ቦዩን እኔ ነኝ የማውቀው፣ እናንተ የት ታውቁታላችሁ!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ?»

«ሁላችሁም አፌን ነበር የምታዩት» አሏት። «ያን ቃል እኔ እስክለው ድረስ ልጄን የገደለው ባሕሩ ብቻ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣ አላወሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ሲሞቱ እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር። ለሥራ ጅቡቲ ወርጄ ባሕር ዳር ቆሜ አውቃለሁ፤ ሞገዱ መጥቶ ሲሰበር ቦዩ የት ጋ እንደሚሆን ዓይኔ ወዲያው ለየው፤ እውነትም ከላይ አይታይም። ሐዘን ይመጣብኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ሰዎች ሲዋኙ አይቼ ወደ ሆቴሌ ተመለስኩ። ልጆቼ የቅድመ አያታቸውን ተረት ንገሪን ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ ካፖርቱን፣ ሽማግሌውን፣ ጀማሪውን። ድምፄ አይለወጥም። እነሱ ይስቃሉ።

ዘንድሮ እናቴ ሞተች። ብዙ ታማ ስለነበር ድንገተኛ አይባልም። የሞተችው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከአፎቻው አንዲት ሴት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልጠየቀችም፤ ፊቴን ብቻ ታያለች። ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። የቤቱ ታላቅ እኔ ሆኛለሁ።

«እናቴ ሞታለች» አልኳት።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ነጠላዋን አጣፋችና ለጎረቤቱ ልትናገር ወደ ቀጭኑ መንገድ ታጠፈች። እኔ መቃኑን ይዤ ቆምኩ። ሮጬ ልደርስባትና ቆይ፣ ትንሽ ቆይ፣ ለማንም አትንገሪ ልላት ፈለግኩ።