የሺጥላ ከክለቡ ባለቤት ጋር የታረቀ ዕለት

ሰኞ ጧት ለየሺጥላ ሱሪ ለማሳጠር የሚሰጥ ሰው፣ ቅዳሜ ኳስ ያላየ ሰው ብቻ ነው። ክለቡ ተሸንፎ ከሆነ ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ የሚዜነት ሱሪውን ሰጥቶት፣ ሰርጉን ሙሉ ካልሲው እየታየ ዋለ። እኛ ቢቸናዎች ግን መጀመሪያ ውጤት እንጠይቃለን፤ ጨርቃችንን ይዘን የምንሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

የሺጥላ ከመናኸሪያው ማዶ የልብስ ስፌት ሱቅ አለው። እኔ ከጎኑ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ዕድሜያችን እኩል ነው፣ ክለባችን ግን ለየቅል። የእኔ ዋንጫ ይበላል፤ የእሱ ገንዘብ ይበላል። የክለቡን ስም እዚህ አልጽፍም። እሱ ራሱ ሁለት ወር ሙሉ ስሙን ስላልጠራ፣ ለጉርብትናችን ስል ልተወው።

የክለቡን ባለቤት ግን ሳያነሣው ውሎ አያውቅም። ሰውዬው ባሕር ማዶ የሚኖር፣ ስታዲየሙን በዓመት አንዴ እንኳ የማይረግጥ ከበርቴ ነው ይባላል። የሺጥላ ሲያማርረው ለሰማ ግን ከብቱን ማሳው ላይ የለቀቀበት ጎረቤት ነው የሚመስለው።

«ደግሞ የመስመር ተጫዋች ገዛ!» ይላል የስፌት መኪናውን እየረገጠ። «አራት አሉን፤ አምስተኛ ጨመረ! ተከላካይ የለንም እኮ! አጥር የሌለው ሰው አምስተኛ በር ሲገጥም አይተህ ታውቃለህ?»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው» እለዋለሁ፣ እንዲብስበት።

«ይናቁታ! እኔስ ንቄው የለ!»

አንድ ቀን ሰልችቶኝ «አንተ ምን አገባህ፣ ከኪስህ አልወጣ» ብለው፣ «ከኪሴማ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! ከልቤ ነው የሚወጣው» አለኝ። 

ይህን ንዴት ከልብ የሚጋራው አንድ ሰው ነበር፤ ልጁ አርሴማ። ሞጣ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ኳስ ማየት ያስተማራት እሱ ነው። ሞጣ ከተመደበች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ ሆነው ያዩና፣ ለእረፍት ሲወጡ ትደውልለታለች። እሱም ከኳስ ማሳያ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ባለቤቱን፣ አሠልጣኙን፣ ዳኛውን በየተራ ሲረግም ድምፁ ገበያ ድረስ ይሰማል። ሚስቱ ስሜነሽ «የሰው ልጅ ስለ ጤናው ይጠየቃል፤ የእኔ ልጅ የምትጠየቀው ስለ አሰላለፍ ነው» እያለች ታማዋለች።

ከዚያ የተጫዋቾች ዝውውር መስኮት ተዘጋ። ሰውዬው ተከላካይ አልገዛም። ይባስ ብሎ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ክለቡ ውስጥ ያደገውን አማካይ ሸጠው፤ የሺጥላ «የእኛ ልጅ» የሚለውን። ያን ቅዳሜ ጨዋታውን አብረን ስናይ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ያያል፣ ይመልሳል፣ መልሶ ያወጣል። የሽያጩን ወሬ የሚያጣራ መስሎኝ «አትልፋ፣ ተሸጧል» አልኩት እየሳቅሁ። በእረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ ብቻውን ቆሞ ቆየ። ሲመለስም አልተቀመጠም። ኮፍያውን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሰውዬ ጋር አልኖርም፤ ፈትቼዋለሁ» አለና ወጣ።

ቀልድ መስሎን ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ የሺጥላ ቅዳሜ ቤቱ ተቀምጦ መዋል ያዘ። እኔም አልናፈቀኝም ብዬ አልዋሽም፤ የሚበሽቅ ሰው ከሌለ ማሸነፍ ምን ይረባል? ከሁሉ የከፋው ግን ሱሪ በልኩ መስፋቱ ነው። ሰኞ ይሁን ዓርብ፣ ይሸነፉ ያሸንፉ፣ ልክክ ያለ ሱሪ ይሰጥሃል። ስሜነሽ «ሰውዬው ታሟል» ያለችኝ ያኔ ነው።

ለአርሴማ ደወለችላት። አርሴማም በቀልድ «ከተጣላ ማስታረቅ ነዋ፤ ሽማግሌ ላኪበት» አለቻት። ስሜነሽ ደግሞ ቀልድ አታውቅም፤ እውነትም ሽማግሌ ጠራች። አንዱ የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የቅኔ መምህር፣ በከተማው ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ። ሌላው እኔ ነኝ። የባላንጣው ክለብ ደጋፊ ስለሆንኩ አላዳላም ብላ ነው የመረጠችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ላይ ቆምን። የሺጥላ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ደጁ ላይ ሲያይ ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ መሰለው። ገና ሳንቀመጥ «የማን ልጅ ነው?» አለ።

«ከክለቡ ባለቤት በኩል ነው የመጣነው» አልኩት።

አየኝ፣ አየኝና «መቼም ሰው መግዛት አያውቅበትም፤ ይኸው አንተን ላከ» አለ።

የኔታ ኳስ የሚባል ነገር አያውቁም። ጉዳዩን ከሥሩ መስማት ፈለጉ።

«ይህ ሰው ምን በደለህ?»

«የማይረባ ሰው በውድ ገዛ፣ የኔታ። የሚረባውን ደግሞ ሸጠ።»

የኔታ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። «ሰው ይገዛል?»

«ይገዛል።»

«በዚህ ዘመን?»

«በየክረምቱ፣ የኔታ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተስ?»

«የእኔም ክለብ ይገዛል፤ ግን አስተውሎ ነው።»

«ሁለታችሁም ንስሐ ያስፈልጋችኋል» አሉና በዳይ ይቅረብ አሉ።

በዳዩ ባሕር ማዶ ነው። ወጉ ደግሞ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ እንዲጠይቅ ያዛል። ማን ይሸከምለት? ስሜነሽ እኔን ታያለች። ለዚያ ሰውዬ ድንጋይ ተሸክሜማ ቢቸና ላይ አልኖርም። ያኔ አርሴማ ከጓዳ ወጣች። ማታውኑ ከሞጣ መጥታ ጎረቤት ነው ያደረችው፤ አባቷ አላወቀም። የእናቷን የወፍጮ መጅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ፊቱ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ የሰውዬው ወኪል እኔ ነኝ። ይማሩኝ፤ በሚቀጥለው መስኮት ተከላካይ እገዛለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ የኔታ ሳይቀሩ። የሺጥላ ግን አልሳቀም።

«አውርጂው» አለ።

«ይቅር ሳይሉኝ አላወርድም።»

«እሱ ሰውዬ ምንም አላደረገኝም።»

«እንዴት ምንም አላደረገህም!» አልኩ። ያን ሁሉ ዘመን እርግማኑን የሰማሁት እኔ ነኝ።

«ድሮስ ሲገዛና ሲሸጥ አይደለም የኖረው?» አለ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳያነሣ። «ያን ቅዳሜ አልደወልሽም። ከዚያ በፊት በነበረውም አልደወልሽም። የእኛን ልጅ ሲሸጠው የማወራው ሰው አጣሁ። ጨዋታ ካለ እረፍት አለ፤ እረፍት ካለ ስልክ እጠብቃለሁ። ጨዋታውን ብተወው መጠበቁም ይቀርልኛል ብዬ ነው።»

ያን ዕለት «አትልፋ፣ ተሸጧል» ያልኩት ትዝ አለኝና ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

የአርሴማ ዕንባ መጣ፤ መጁ እንዳለ ትከሻዋ ላይ ነው። «ቅዳሜ ተረኛ ሆኜ ነው፣ አባባ። ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ጨዋታውን ሳላየው፣ ውጤቱን እንኳ ሳላውቅ፣ ምን ብዬ ልደውል?»

«ውጤቱንማ እኔ እነግርሽ ነበር» አለ የሺጥላ።

ተነሥቶ መጁን በገዛ እጁ ከትከሻዋ አወረደው። ለሌላ ሰው ብላ የተሸከመችው ድንጋይ የራሷ ሆኖ ተገኘ። የኔታ «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አሏቸው፤ ተባባሉ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው «ባሕር ማዶ ያለው ሰው በነፃ ተሰናብቷል» ብለው ፈረዱ።

«ስለ ተከላካዩ ግን ይጠየቃል፣ የኔታ» አለ የሺጥላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሺጥላ ኮፍያውን ወንበሩ ላይ አኑሮ ከጎኔ ተቀመጠ። ለእረፍት ሳይወጡ ክለቡ ሁለት ገባበት። ሁለቱም በዚያው አጥር በሌለው በኩል ነው የገቡት። የሁለት ወር ተረቤን አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ብድግ ብሎ በረንዳ ወጣ።

«ተረኛ ነሽ? አላየሽም? እሺ ስሚ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ...»

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ የሺጥላ አልገባም። ሦስተኛው ጎል ሲቆጠርበት ይህንማ እኔ ነኝ የማበስረው ብዬ እየተጣደፍኩ እስከ በሩ ሄድኩ። የሺጥላ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ የምታየው ይመስል ተከላካዩ እንዴት እንደወደቀ በእጁ እያሳያት ይስቃል። ጎሉን ሳልነግረው ተመለስኩ። አንድ ልጅ ኮፍያውን አንሥቶ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል ደረስኩና «ሰው አለው» አልኩት።