የአባቴ ቀጥ ያለ ትልም

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከባሕር ዳር ወረታ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ምሳው እየቀዘቀዘ በስልክ ትነታረካለች። ሥራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው። ስትጨርስ ምን ሆነሽ አልኳት።

«እምየ፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ቀን እያሳሳተ ይልክልናል። አለቃዬ ደግሞ ‹አትንገሪያቸው፣ በእኛው በኩል አቃንተሽ አሳልፊው› ይለኛል።»

ኮምፒውተሩን አላውቀውም። የሌላውን ጉድለት ዝም ብሎ ማቃናትን ግን፣ ወይ ጉድ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

እኔ ለጋብቻ የደረስኩ ጊዜ አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበረው፤ ቦራ። ጎረቤታችን አያ ደምሌም እንዲሁ አንድ፤ ዳለቻ። እንደ አገሩ ደንብ ተቀናጅተው ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠምዱና የሁለቱም ማሳ በየተራ ይታረሳል። አያ ደምሌ ወገቡን ያመዋል፤ ስለዚህ እርፉን የሚይዘው ሁልጊዜ አባቴ ነው።

ሰኔ ላይ የፎገራ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ እግር ይዞ አይለቅም። የጓያ ቂጣና ጠላ ይዤ ስሄድ የማየው ዳለቻ ሲለግም ነው። አንገቱን ቀንበር ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል እንጂ አይስብም፤ ትልሙም ይጣመማል። አባቴ ምን አደረገ? ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረውን ጠፍር ከመሃል አንስቶ ወደ ቦራ አስጠጋው። ሸክሙ ቦራ ላይ ወደቀ፤ ትልሙም ቀጥ አለ። አላፊ አግዳሚው ግን የሚስበው ዳለቻ መስሎት እሱን ያመሰግናል።

«ለምን አትነግረውም?» አልኩት።

«ይቀየመኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።»

የቦራ አንገት ቆስሎ ቁስሉ ተላ። በሦስተኛው ክረምት፣ የእኛ ማሳ ገና ሳይገመስ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከና በዚያው ቀረ። ዓይኑን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባቴ «በሬ ተውሼ ከዳለቻ ጋር ልጥመድና ማሳዬን ልረስ» ቢል አያ ደምሌ እምቢ አለ። «ያንተ በሬ ደካማ ነበር። የኔ ብቻውን ሲጎትት ከረመ፤ ይረፍ።» ሰውየው አልዋሸም። የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ማን ነግሮት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሴት ልጅ አትናገርም ቢባልም አላስቻለኝም። «ዳለቻ ይለግማል! አባቴ ጠፍሩን እያስጠጋ ነው ያረሰው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞሩ። «እውነት ነው? በዳለቻ ያየህበት ነውር አለ?»

አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ «ልጅ ናት፤ አታውቅም። ምንም አላየሁበትም» አለ። ሁሉም ያን ቀጥ ያለ ትልም አይተዋልና ለአያ ደምሌ ተፈረደለት። ማሳው ጦም እንዳያድር አባቴ ለዚያው ሰው የእኩል ሰጠው፤ ከገዛ መሬታችን እኩሌታውን ጤፍ እሱ ሊወስድ።

አያ ደምሌ ከይፋግ ገበያ ሌላ በሬ ገዝቶ አራሽ ቀጠረ። አራሹ ጠፍሩን እንደ ወጉ መሃል ላይ አሰረ። ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ። በዚያው ቀን አያ ደምሌ ዱላውን ይዞ ደጃችን ቆመ።

«በሬዬን ምን አደረግኸው? አንተ ዘንድ ነው ይህን አመል የተማረው።»

አባቴ ከመደቡ ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀው።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት፤ እንጀራዋን ይዛ አዳመጠችኝ። «ንገሪያቸው፤ ቢቀየሙ ይቀየሙ» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። በማግስቱ ደወለች።

«እምየ፣ አቃንቼ አሳለፍኩት። ማንም አላወቀብኝም» አለች፣ ደስ ብሏት።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።